ከማዕበሉ በፊት የሚታይ ፊት፦ በማዕበል ጋላቢና በውሻው መካከል ያለው የመተማመን ቁርኝት

መግቢያ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ሰው ታማኝነት ለመናገር ቢሆንም፣ ስለ ውሻ ተፈጥሮም አንድ ግልጽ ግምት ይዟል። ውሻ ከሰው ጋር የሚተሳሰረው በሚጣልለት ምግብ ነው፤ ታማኝነቱም ለሚያበላው ቤት የሚከፈል ዋጋ ነው የሚል ግምት ነው። ግቢ ጠባቂ ውሻ በሚታወቅበት አገር ይህ አባባል ከዕለት ተዕለት ልምድ የተቀዳ በመሆኑ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ይሁን እንጂ ምግብ ብቻውን ሊያስረዳቸው የማይችሉ የግንኙነት ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በውቅያኖስ ዳርቻ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድ የሚታየው፣ ማዕበል የሚጋልብ ሰውና አብሮት ወደ ውኃ የሚገባ ውሻ ግንኙነት ነው።

ይህ ጉዳይ ለጥናት የሚመረጠው ትርኢትነቱ ስለሚስብ አይደለም። በባሕሩ ላይ ውሻው የሚጠብቀው ግቢ፣ የሚነዳው መንጋ ወይም የሚያሳድደው አውሬ የለም። የቆመበት ሰሌዳ ይዋዥቃል፤ ከኋላው የሚመጣው ውኃ ያጓራል፤ ከወደቀም ጨዋማ ውኃ ይውጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ውሻው ከሰሌዳው ላይ ሳይዘል እንዲቆይ፣ ወድቆም ተመልሶ እንዲወጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሦስት መንገድ ይመለከታል። በመጀመሪያ የልማዱን ታሪክና አሠራር ያብራራል፤ ቀጥሎ ስለ ውሻና ሰው ቁርኝት የተደረጉ ምርምሮችን ከጉዳዩ ጋር ያገናኛል፤ በመጨረሻም ይህ ቁርኝት በሰውየው ላይ የሚጥለውን ኃላፊነት ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ ውሻውን ወደ ማዕበሉ የሚወስደው መተማመን በመሆኑ፣ ይኸው መተማመን ውሻው «አልፈልግም» ማለት የሚችልበትን ዕድል ሊያጠብበት ይችላል የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልማዱ አጭር ታሪክ

የማዕበል ግልቢያ ወይም ሰርፊንግ፣ ጋላቢው በሰሌዳ ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ማዕበሉ ወደሚነሳበት ስፍራ ከደረሰ በኋላ፣ ማዕበሉ ሲገፋው በሰሌዳው ላይ ቆሞ ወደ ዳርቻው የሚንሸራተትበት ልማድ ነው። ሥሩ በፖሊኔዥያ ሕዝቦች ዘንድ ሲሆን፣ በተለይ በሃዋይ የመሳፍንትም የተራውም ሕዝብ ባህል ሆኖ ዳብሯል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሃዋዩ ዋናተኛ ዱክ ካሃናሞኩ ልማዱን በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ በማሳየት ለዓለም አስተዋወቀው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል።

ውሻ ወደዚህ ልማድ የገባው በቅርቡ አይደለም። በሃዋይ በዋይኪኪ ዳርቻ «ስኩተር ቦይ» በሚል ቅጽል ስም የታወቀው ጆሴፍ ካኦፑይኪ ሳንዲ ከተባለ ውሻው ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጋልብ እንደነበር የዘመኑ ፎቶግራፎች ያሳያሉ። በዚያ ዘመን ነገሩ የጋላቢውና የውሻው የግል ጨዋታ እንጂ የውድድር ጉዳይ አልነበረም። ውሻው ጌታውን ተከትሎ ወደ ዳርቻው ይወርዳል፤ ጌታው ወደ ውኃው ሲገባም ዳር ቆሞ መቅረትን አይወድም።

ጉዳዩ መደበኛ መልክ የያዘው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። በሳን ዲየጎ ከተማ ኦሽን ቢች በተባለው ሰፈር ውሾች ያለ ማሰሪያ የሚለቀቁበት ዳርቻ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። በ2006 በዚያው አካባቢ የውሾች የማዕበል ግልቢያ ውድድሮች መካሄድ ጀመሩ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ ፓሲፊካ ከተማ የዓለም ሻምፒዮና የሚል ስያሜ ያለው ውድድር ይደረጋል። በእነዚህ መድረኮች ውሾች በክብደታቸው ተመድበው ብቻቸውን፣ ሁለት ሆነው ወይም ከሰው ጋር በአንድ ሰሌዳ ይወዳደራሉ፤ ዳኞችም የግልቢያውን ርዝመት፣ የውሻውን ሚዛን አጠባበቅና በራስ መተማመኑን ይመለከታሉ። በ2011 አቢ ገርል የተባለች የኬልፒ ዝርያ ውሻ በኦሽን ቢች ዳርቻ አንድን ማዕበል 107.2 ሜትር ያህል ጋልባ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍራለች። ኬልፒ በአውስትራሊያ በግ ለመንዳት የተራባ ዝርያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ይህቺ ውሻ በባሕር ላይ የሠራችው ሥራ ከዝርያዋ የመጣ ሙያ አልነበረም።

በሰሌዳው ላይ የሚሆነው ነገር

ማዕበል የሚጋልብ ውሻ የሚሠራውን በሚገባ ለመረዳት የሚዛኑን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። ሰው በሰሌዳ ላይ ሲቆም ረጅም ቁመናውን በሁለት እግሮቹ ላይ ብቻ መሸከም አለበት። ስለዚህም ጉልበቱን ያጥፋል፤ እጆቹን ዘርግቶም ሚዛኑን ይፈልጋል። ውሻ ግን አራት እግሮች አሉት፤ የሰውነቱ ክብደትም ከሰው ይልቅ ለሰሌዳው ቅርብ ነው። እግሮቹን ዘርጋ፣ ወገቡን ዝቅ ሲያደርግ ሰሌዳው ወደ ጎን ቢያዘነብልም በቀላሉ አይወድቅም። እግራቸው አጭርና ደረታቸው ሰፊ የሆነ እንደ ቡልዶግ ያሉ ዝርያዎች በሰሌዳ ላይ ጥሩ ሆነው የሚታዩት ከዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ዝርያዎች በአፍንጫቸው ማጠርና በአካላቸው ክብደት ምክንያት ደካማ ዋናተኞች ናቸው። በሰሌዳው ላይ የሚያሳዩት ብቃት በውኃው ውስጥ ያለባቸውን አደጋ ሊሸፍን ስለሚችል፣ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳይለብሱ ወደ ባሕር መግባታቸው አስጊ ነው።

ሰውና ውሻ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሆኑ ክብደታቸው እርስ በርሱ ይያያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ከፊት፣ ሰውየው ከኋላ ይሆናል። ክብደት ወደ ፊት ሲያዘነብል ሰሌዳው ይፈጥናል፤ ከመጠን ካለፈ ግን የሰሌዳው አፍንጫ ውኃ ውስጥ ይሰምጥና ሁለቱም ይገለበጣሉ። ክብደት ወደ ኋላ ሲሸሽ ደግሞ ሰሌዳው ይዘገያል፤ ማዕበሉም ያልፋቸዋል። በመሆኑም ሰውየው ውሻው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሲራመድ እሱ ወደ ኋላ መመለስ፣ ውሻው ወደ ቀኝ ሲያጋድል እሱ ወደ ግራ መጫን ይኖርበታል። ብዙ ልምምድ ያደረጉ ጥንዶች ይህንን ያለ ድምፅ ትእዛዝ ያደርጉታል። ማዕበሉ በሚፈነዳበት ጊዜ ድምፅ ስለማይሰማም ሌላ አማራጭ የላቸውም። የሚግባቡት በሰሌዳው በኩል በሚተላለፈው የክብደት ለውጥና በዓይን ነው።

ውሻው ብቻውን በሚጋልብበት ጊዜ የሰውየው ድርሻ ይለወጣል። ሰውየው ወገቡ ወይም ደረቱ ድረስ በውኃ ውስጥ ቆሞ ሰሌዳውን ይይዛል፤ ተስማሚውን ማዕበል ይመርጣል፤ ማዕበሉ ሲደርስም ሰሌዳውን ወደ ዳርቻው ይለቀዋል። ከዚያች ቅጽበት በፊት ብዙ ውሾች አንገታቸውን አዙረው ሰውየውን ያያሉ። ይህ አጭር ዕይታ ለተመልካች ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ከዚህ በታች በሚቀርቡት ምርምሮች መሠረት ግን የግንኙነቱ ዋና መገለጫ ነው።

ከምግብ ባሻገር ያለው ቁርኝት

ብሪታኒያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ የሕፃንን ከእናቱ ጋር መጣበቅ ከምግብ ፍላጎት ብቻ የመጣ ነው የሚለውን የቀድሞ አስተሳሰብ ተችቷል። እንደ ቦውልቢ አስተያየት ሕፃኑ በእናቱ ዘንድ የሚያገኘው ከጡት ወተት በላይ ነው። እናቱ ከአደጋ የሚሸሽባት መጠጊያና ዓለምን ለማየት የሚነሳባት መሠረት ናት። በ1950ዎቹ በዑጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው የተመለከተችው ሜሪ ኤይንስወርዝ ይህንኑ ሐሳብ በመስክ ምልከታ አጠናክራዋለች። በኋላም በአሜሪካ ሕፃኑን ከማያውቀው ክፍልና ከማያውቀው ሰው ጋር በማገናኘት፣ እናቱ ስትወጣና ስትመለስ የሚያሳየውን ባሕርይ የሚለካ ሙከራ ነድፋለች።

የሃንጋሪ ተመራማሪው ዮዜፍ ቶፓልና ባልደረቦቹ በ1998 ይህንኑ ሙከራ በ51 ውሾችና በባለቤቶቻቸው ላይ ተግባራዊ አደረጉት። ውሾቹ ባለቤታቸው በክፍሉ ውስጥ ሲኖር ይበልጥ ይጫወታሉ፣ ክፍሉንም ይመረምራሉ፤ ባለቤታቸው ሲወጣ በበሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ሲመለስም ከማያውቁት ሰው በተለየ ሁኔታ ይቀበሉታል። ይህ ውጤት በመሠረቱ በሕፃናት ላይ ከታየው ጋር የሚመሳሰል ነበር። በ2001 ማርታ ጋቺና ባልደረቦቿ ደግሞ በመጠለያ የሚኖሩ ጎልማሳ ውሾችን አጠኑ። ከአንድ ሰው ጋር ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል መቆየት ብቻ ውሾቹ ለዚያ ሰው የቁርኝት ምልክት እንዲያሳዩ በቂ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ውሾች ምግባቸውን የሚያገኙት ከመጠለያው ነበር፤ ለሰውየው ያሳዩት ቅርበት ከእጁ በበሉት ብዛት ሊመዘን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ምሳሌያዊው አነጋገር ፈጽሞ ስቷል ማለት አይደለም። በአትላንታ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ግሬጎሪ በርንስና ባልደረቦቹ 15 ውሾች ነቅተው ሳሉ በማግኔቲክ ምስል ማንሻ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ አሠልጥነው፣ አንጎላቸው ለምግብና ለባለቤታቸው ሙገሳ የሚሰጠውን ምላሽ አነጻጽረዋል። ከውሾቹ አብዛኞቹ ለሙገሳው ከምግቡ ያላነሰ ምላሽ ሲያሳዩ፣ ለምግብ ይበልጥ ያደሉም ነበሩ። ስለዚህ ውሾች ከግለሰብ ግለሰብ ይለያያሉ። ለአንዱ ውሻ የባለቤቱ ደስታ ራሱ ሽልማት ሲሆን፣ ለሌላው ሽልማቱ የሚበላው ነው። ሰርፈሩ ውሻውን በሚያለማምድበት ጊዜ ቁራሽ ሥጋ መጠቀሙ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሥጋው በማይደርስበት ጥልቅ ውኃ ላይ ውሻውን የሚያቆየው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በቪየና የተደረገ አንድ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ሊዛ ሆርንና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ውሾች ምግብ ከተደበቀበት ዕቃ ውስጥ ምግቡን ለማውጣት ረዘም ላለ ጊዜ የሚታገሉት ባለቤታቸው በክፍሉ ውስጥ ሲኖር መሆኑን አሳይተዋል። ባለቤቱ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ውጤቱ ያው ነበር፤ የማያውቁት ሰው መኖር ግን የባለቤቱን ቦታ አልተካም። በሁሉም ሁኔታ ምግቡ ያው ነው፤ የሚለየው የሰውየው መኖርና አለመኖር ነው። በባሕሩም ላይ እንዲሁ ነው። ሰውየው ለውሻው የማይታወቀውን ነገር የሚጋፈጥበት መሠረት ይሆንለታል።

ፊትን አይቶ መወሰን

በዱር ተኩላና በውሻ መካከል ካሉት ልዩነቶች አንዱ ወደ ሰው መመልከት ነው። አዳም ሚክሎሺና ባልደረቦቹ በ2003 ባቀረቡት ጥናት በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎችና ውሾች ሊፈቱት የማይችሉት ችግር ሲገጥማቸው፣ ተኩላዎቹ ከዕቃው ጋር መታገላቸውን ሲቀጥሉ ውሾቹ ቶሎ ብለው ወደ ሰውየው ፊት መመልከት ጀመሩ። በጃፓን አዛቡ ዩኒቨርሲቲ ሚሆ ናጋሳዋና ባልደረቦቿ በ2015 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ባለቤታቸውን ለረጅም ጊዜ በዓይናቸው የሚመለከቱ ውሾችና ባለቤቶቻቸው በሽንታቸው ውስጥ ያለው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን መጠን ይጨምራል። ኦክሲቶሲን በእናትና በልጅ መቀራረብ ውስጥ ጉልህ ድርሻ ያለው ሆርሞን ነው። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ግን ይህ አልታየም።

ለማዕበል ግልቢያ ይበልጥ የሚቀርበው በሚላን የተደረገው ጥናት ነው። ኢዛቤላ ሜሮላና ባልደረቦቿ ውሾችን የላስቲክ ሪባን ከታሰረበት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጋር አገናኙአቸው። ዕቃው ይጮኻል፣ ሪባኑም ይውለበለባል፤ ውሾቹም ይፍሩት ወይም አይፍሩት አያውቁም። ከውሾቹ 83 በመቶ የሚሆኑት ዕቃውን ካዩ በኋላ ዞረው የባለቤታቸውን ፊት ተመለከቱ። ባለቤቱ በፊቱና በድምፁ ደስታ ሲያሳይ ውሾቹ ወደ ዕቃው ይበልጥ ተጠጉ፤ ፍርሃት ሲያሳይ ግን ተቆጠቡ። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ሰሌዳው ላይ የቆመው ውሻ አንገቱን አዙሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም የሚያገኘው ከሰውየው ፊት ነው።

ግንኙነቱ በቅጽበት ብቻ አይወሰንም። በስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ በ2019 በ58 ውሾችና በባለቤቶቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት፣ በፀጉር ውስጥ የሚከማቸው ኮርቲሶል የተባለ የውጥረት ሆርሞን መጠን በሰውየውና በውሻው መካከል ተመሳሳይ አዝማሚያ እንዳለው አረጋግጧል። የሚጨነቅ ሰው የሚጨነቅ ውሻ ይኖረዋል ማለት ይቻላል። እንግዲህ በውድድር ቀን በተመልካች ፊት የሚንቀጠቀጠው ሰውየው ራሱ ከሆነ፣ ውሻው ያንን ይዞ ወደ ባሕር እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

የሪኮሼ ጉዳይ

በዚህ ርእስ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የምትታወቀው ውሻ በ2008 የተወለደችው ጎልደን ሪትሪቨር ሪኮሼ ናት። የሳን ዲየጎ አካባቢ ነዋሪዋ ጁዲ ፍሪዶኖ ሪኮሼን ያሳደገቻት አካል ጉዳተኛን በየዕለቱ የምትረዳ ውሻ እንድትሆን ነበር። እንዲህ ያለች ውሻ መብራት ታበራለች፣ በር ትከፍታለች፣ የወደቀ ዕቃ ታነሳለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ሐሳቧ በመንገድ ላይ ባለ ነገር መወሰድ የለበትም። ሪኮሼ ትምህርቱን በፍጥነት የተቀበለች ብትሆንም ወፍ ባየች ቁጥር ማሳደዷን አልተወችም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይዛ ወፍ የምትከተል ውሻ ሰውየውን ለአደጋ ስለምታጋልጥ ከሥልጠናው ወጣች።

ለአሳዳጊዋ ይህ የብዙ ወራት ድካም ከንቱ የቀረበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ሪኮሼ ከቡችላነቷ ጀምሮ በሰሌዳ ላይ ሚዛን መጠበቅን ለምዳ ነበር። በነሐሴ 2009 እጅና እግሩ የማይታዘዝለት አንድ ታዳጊ ጋላቢን ለመርዳት በተዘጋጀ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ሁለቱ በየራሳቸው ሰሌዳ ጎን ለጎን ሲጋልቡ፣ ሪኮሼ የራሷን ሰሌዳ ትታ ወደ ታዳጊው ሰሌዳ ዘለለች። ይህንን ያዘዛት አልነበረም። ከዚያ በኋላ አብረው መጋለብ ጀመሩ፤ እርሷም በሰሌዳው ላይ ክብደቷን እያዛወረች ሰሌዳው እንዳይገለበጥ ታግዝ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ከአካል ጉዳተኞች፣ ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናትና ከጦርነት በኋላ የሥነ ልቡና ጉዳት ከደረሰባቸው ወታደሮች ጋር ጋልባለች፤ በስሟም ለበጎ አድራጎት ከ500,000 ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በ2023 በ15 ዓመቷ ሞተች።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ውሻዪቱ ደግነት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን አሳዳጊዋ ያደረገችው ውሳኔ ነው። ፍሪዶኖ ውሻዪቱን ባሰበችላት ሥራ ላይ ለማቆየት ቅጣትና ግፊት ልትጨምር ትችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ውሻዪቱ የማትፈልገውን ትታ የምትፈልገውን እንድታሳይ ቦታ ሰጠቻት። ወደ ታዳጊው ሰሌዳ መዝለሏ ትርጉም የሚኖረው አለመዝለልም ይቻላት ስለነበር ነው።

መተማመን አደጋ ሲሆን

ከላይ የቀረቡት ምርምሮች በአንድ በኩል የሚያስደስት፣ በሌላ በኩል የሚያሳስብ መደምደሚያ አላቸው። ውሻ አደጋን የሚመዝነው በባለቤቱ ፊት ከሆነ፣ ባለቤቱ በፈገግታው ውሻውን ከአቅሙ በላይ ወደሆነ ነገር ሊያስገባው ይችላል። ለማያውቀው ሰው እምቢ የሚል ውሻ ለባለቤቱ እምቢ ማለት ሊከብደው ይችላል።

እዚህ ላይ በሰሌዳ ላይ የሚታይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ውሾች በጣም ሲፈሩ ከሚያሳዩዋቸው ምላሾች አንዱ ባሉበት ደርቆ መቅረት ነው። በሰሌዳ ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ውሻ ከዳርቻው ለሚመለከተው ሰው የተረጋጋና የሠለጠነ ጋላቢ ይመስላል፤ ጭብጨባም ያገኛል። ሁለቱን ለመለየት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዘና ያለ ውሻ ጉልበቱን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ ማዕበሉ ሲያዘነብል እርሱም ያጋድላል፤ ጆሮው ወዲያና ወዲህ ይላል። በፍርሃት የደረቀ ውሻ ግን ጡንቻው የተወጠረ፣ ጭራው በሆዱ ሥር የተሸጎጠ፣ ጆሮው ወደ ኋላ የተለጠፈ፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ የወጣ ይሆናል። ከግልቢያው በፊት ደጋግሞ ማዛጋት፣ ከንፈርን መላስና ፊትን ከሰሌዳው ማዞርም የጭንቀት ምልክቶች ናቸው።

ሰው እነዚህን ምልክቶች በማንበብ ረገድ በራሱ ላይ ብዙ መተማመን የለበትም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ያወጣችው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ብዙ ሰዎች ውሻቸው ጥፋት ሲሠራ ፊቱ ላይ ጸጸት እንደሚታይ ያምናሉ። ሆሮዊትዝ ግን ይህ ፊት የሚታየው ውሻው ሲያጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣ መሆኑን አሳየች፤ ምንም ያላጠፋ ውሻ እንኳ ሲቆጡት «የጸጸት» ፊት ያሳያል። ባለቤቶቹ ያነበቡት የውሻውን ልብ ሳይሆን የራሳቸውን ቁጣ ነጸብራቅ ነበር። በዳርቻውም ላይ ሰውየው «ውሻዬ ባሕር ይወዳል» ሲል ይወድድ የነበረው ውሻው ይሁን እርሱ ራሱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዳርቻን መውደድና ማዕበልን መውደድም አንድ አይደሉም። ለውሻ ዳርቻው በሽታ የተሞላ፣ ለሩጫ የሚመች አሸዋና የሚባረር ወፍ ያለበት ስፍራ ነው። በዚህ ሁሉ ተደስቶ ማዕበሉን ግን የሚጠላ ውሻ ብዙ ነው።

በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ጋላቢዎች የሚከተሉት አሠራር በምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰሌዳውን በመጀመሪያ በደረቅ አሸዋ ላይ አስቀምጠው ውሻው በራሱ እንዲወጣበት ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ እስከ ጉልበት በሚደርስ ጸጥ ያለ ውኃ ላይ፣ ከዚያም በትንንሽ አረፋ ላይ ያለማምዱታል። የውሻው ጥፍር እንዳይንሸራተትና ሰሌዳው ሲመታውም እንዳይጎዳው ለስላሳ ሽፋን ያለው ሰሌዳ ይጠቀማሉ። ዋናው መለኪያ ውሻው ከወደቀ በኋላ የሚያደርገው ነው። ማንም ሳይጠራው ወደ ሰሌዳው የሚመለስ ውሻ መልሱን ሰጥቷል፤ ወደ ዳርቻው ወጥቶ ራሱን አራግፎ የሚሄድም እንዲሁ መልሱን ሰጥቷል። ሁለተኛውን መልስ ተቀብሎ ሰሌዳውን መሸከም የጋላቢው ግዴታ ነው።

አካላዊ ጥንቃቄም የዚሁ አካል ነው። የባሕር ውኃ ከክብደቱ 3.5 በመቶ ያህሉ ጨው በመሆኑ፣ ብዙ የዋጠ ውሻ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከባሰም በደሙ ውስጥ የሚጨምረው ሶዲየም አንጎሉን ጎድቶ ለመንቀጥቀጥና ለሞት ሊዳርገው ይችላል። በመሆኑም ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ በየመካከሉ ዕረፍትና ጥላ አስፈላጊ ናቸው። ውሻው እንደ ተጠማ ወይም እንደ ደከመ ለመናገር ስለማይችል፣ በጨዋታው ሞቅታ ውስጥም ባለቤቱን ላለማጣት ስለሚቀጥል፣ «በቃ» የሚለው ሰውየው ነው።

ማጠቃለያ

በማዕበል ጋላቢና በውሻው መካከል ያለው ቁርኝት ከምግብ የሚጀምር ሊሆን ቢችልም በምግብ አያበቃም። ውሻው በማይታወቅ ነገር ፊት ሲቆም የሰውየውን ፊት ያያል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶም ይወስናል። ይህ ችሎታ አካል ጉዳተኛን በማዕበል ላይ የሚያግዝ ትብብር ሊፈጥር እንደሚችል የሪኮሼ ታሪክ ያሳያል። በአንጻሩ ውሻው በፍርሃት ደርቆ ሳለ የሚጨበጨብለት ሁኔታም ከዚሁ ከመተማመን ሊመነጭ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ውሻው ያለ ቅጣት የመመለስ ዕድል ያለው መሆኑ ነው።

ጥያቄው በውቅያኖስ ዳርቻ ብቻ የሚቀር አይደለም። እስካሁን የተጠቀሱት ምርምሮች በአብዛኛው የተደረጉት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን በቤት ውስጥ በሚኖሩ ውሾች ላይ ነው። በኢትዮጵያ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ግቢ ጠባቂ ውሻ፣ ከእረኛ ጋር ውሎ የሚገባ ውሻም አለ። እረኛውን ተከትሎ ጅብ ወዳለበት ዱር የሚገባ ውሻ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ወደ ማን እንደሚያይ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውለውስ ወደ ማን እንደሚያይ በቀላል የመስክ ምልከታ ሊጠና የሚችል ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል የትኛውን ውሻ በትክክል እንደሚገልጽ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይገልጽ ለመለየት ይረዳል።